የሰፈራችን ጠንካራ ውሃ፦ የለካሁት፣ የገዛሁትና የተውኩት

ቤት ሲፈልግ ስለ ውሃ ጥራት የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። "ውሃ ይመጣል ወይ?" ይላል፣ በቃ። ጥራቱ ትዝ የሚለው ከገባ በኋላ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጡን ነጭ ሲለብስ፣ የሻወሩ ቀዳዳ ተደፍኖ ውሃው ወደ ጎን ሲረጭ፣ በደንብ ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆ ነጭ ነጠብጣብ ሲይዝ።

የምኖረው ከከተማ ዳር ባለ የመኖሪያ መንደር ውስጥ ነው። ዋናው መስመር ስለማይደርሰን ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ይሳባል፣ ትልቅ የጋራ ታንከር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ለየቤቱ ይለቀቃል። ለዓይን ኩልል ያለ ነው። ሳሙና ግን እንደልብ አረፋ አያወጣበትም፤ የፈላበትን ዕቃ ሁሉ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። ስለ ነጩ ቅርፊት በሰፈሩ የማይወራ ነገር አልነበረም። ኩላሊት ይጨርሳል፣ ፀጉር ይነቅላል፣ ለሕፃን አይሰጥም። ወሬውን ሰምቶ ማለፍ ይቻል ነበር። የማጣሪያ ሻጮች በር ማንኳኳት ሲጀምሩ ግን ነገሩን ከሥሩ ማየት ግድ ሆነ።

መጀመሪያ ነጩ ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር። የዝናብ ውሃ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል። በኖራ ድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም እያሟሟ ይሄዳል። ጠንካራ ውሃ የሚባለው እነዚህ ሁለቱ የበዙበት ውሃ ነው። ስታፈሉት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኖ ይወጣል። ካልሲየሙ ሟምቶ መቆየት ስለማይችል ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ዕቃው ላይ ይጋገራል። የእንቁላል ቅርፊትም የተሠራው በአብዛኛው ከዚሁ ነው። ጨውና ስኳር ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይሟሟሉ፤ ይሄኛው ግን ተቃራኒ ነው፣ በሞቀ ቁጥር ይዘቅጣል። ቀዝቃዛው ቧንቧ ደህና ሆኖ ማንቆርቆሪያውና ቦይለሩ የሚሰቃዩት ለዚህ ነው።

ሁሉም ጥንካሬ ግን በማፍላት አይወጣም። ከቢካርቦኔት (ከዚያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገኘው ውህድ) ጋር ያለው ሲፈላ ይዘቅጣል። ከሰልፌትና ከክሎራይድ ጋር ያለው እንደሟሟ ይቀራል።

ልኬቱ የሚሰጠው በሊትር ስንት ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ተብሎ ነው። በብዛት የሚሠራበት አከፋፈል እስከ 60 ያለውን ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ ያለውን በጣም ጠንካራ ይለዋል። አንዳንድ ዕቃ ላይ በጀርመን ዲግሪ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንዱ ዲግሪ 17.8 ሚሊግራም በሊትር ስለሆነ አባዝታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ላይ ይህ ቁጥር ስለሚጠየቅ ያስፈልጋችኋል።

እኔ የተጠቀምኩት በጠብታ የሚለካውን ኪት ነው፤ ለዓሣ ገንዳ ባለቤቶች የሚሸጠው ዓይነት። ትንሿ ብልቃጥ ላይ እስከ መስመሩ ውሃ ትሞላላችሁ። ቀለሙን ስትጨምሩበት ውሃው እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ይሆናል። ከዚያ ሁለተኛውን ፈሳሽ ጠብ እያደረጋችሁ ትወዘውዛላችሁ፣ ትቆጥራላችሁ። መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም። ቆይቶ ዳር ዳሩ ሐምራዊ ይሆናል። ከዚያ በአንዲት ጠብታ ብቻ ብልቃጡ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል። ያችን ጠብታ ላለማለፍ መጨረሻው ላይ ቀስ ማለት ነው። የጠብታው ቁጥር ተመንዝሮ የእኛ ውሃ ከ300 አለፈ። በጣም ጠንካራ ማለት ነው። የወረቀት መለኪያውም ይሠራል፤ ግን በግምት ነው የሚነግራችሁ። መለኪያ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ሲሶ ያህል ውሃ አድርጋችሁ ጥቂት የተፈቀፈቀ ተራ ሳሙና ጨምሩና ናጡት። አረፋ ከሆነና ከሥሩ ያለው ውሃ ከጠራ ለስላሳ ነው። አረፋው ጠፍቶ ውሃው ወተት ከመሰለ ጠንካራ ነው። በዱቄት ወይም በፈሳሽ ዲተርጀንት ግን አትሞክሩት፣ እነሱ ጠንካራ ውሃም ውስጥ አረፋ ያወጣሉ።

አሁን ወደ ሻጮቹ። ይህን ረዘም አድርጌ የማወራው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው።

አንድ ቅዳሜ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ሻጭ መጣ። ልብሱ ጽድት ያለ፣ አንደበቱ ቅን። ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በአንዱ የእኛን ቧንቧ ውሃ፣ በሌላው ከራሱ ማጣሪያ የወጣውን ቀዳ። መጀመሪያ እስክሪብቶ የምታህል መለኪያ ነከረ። የእኛ 400 ምናምን አለች፣ የእሱ ከ20 በታች። ከዚያ ዘንጎች ያሉትን መሣሪያ ሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ ከቶ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ብዙም ሳይቆይ የእኛ ውሃ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ አረንጓዴ የቀላቀለ ጭቃ መሰለ፣ ላዩ ላይ ዝቃጭ ተንሳፈፈ። የእሱ እንደጠራ ቀረ። "እናቶቼ፣ ለልጆቻችሁ የምትሰጡት ይህንን ነው" አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ አስተማሪ ጎረቤት አሉን። ቀስ ብለው ተነሡና፣ "ልጄ፣ አንድ ነገር እንሞክር እስቲ" አሉት። ከእሱ ማጣሪያ በሌላ ንጹሕ ብርጭቆ አስቀዱ። ከወጥ ቤት ጨው አስመጥተው ቆንጠር አድርገው ጨመሩበትና አማሰሉት። "በል አሁን ዘንግህን ክተት።" ልጁ ትንሽ አቅማማ። ሰዉ ሁሉ "ክተታ! ክተታ!" ሲል ከተተ። የእሱ "ንጹሕ" ውሃም ጭቃ ሆነ። እንዲያውም ከእኛው የባሰ።

ምሥጢሩ ይህ ነው። ከዘንጎቹ መካከል ብረት አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ ራሱ እየሟሟ ወደ ውሃው ይገባል። ያ ቡናማ ነገር ከዘንጉ የወጣ ዝገት ነው እንጂ ውሃው ውስጥ የነበረ ቆሻሻ አይደለም። ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው የሟሟ ማዕድን ሲኖረው ነው። ማዕድኑ ከወጣለት አያሳልፍም፣ ስለዚህ ዘንጉም አይሟሟም። መለኪያዋም የምታየው ይህንኑ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም ነው፤ ከዚያ ተነሥታ የሟሟውን ማዕድን መጠን ትገምታለች። ካልሲየም ይሁን ጨው፣ ጎጂ ይሁን ጠቃሚ፣ አትለይም። ጀርም ደግሞ ጭራሽ አትቆጥርም። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ጠቅላላው የሟሟ ማዕድን በሊትር ከ600 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጣዕሙ ጥሩ ይባላል፤ ለመጠጣት እያስጠላ የሚሄደው ከ1000 ሲያልፍ ነው። የእኛ 400 ምናምን ተራ ቁጥር ነው።

ልጁን አልተቆጣሁትም፤ እሱም ተነግሮት ይሆናል። ግን ይህ ማሳያ እናንተም ሰፈር ቢመጣ ጨዋችሁን ይዛችሁ ጠብቁት።

ኩላሊቱስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ከሐኪም በብዛት የሚሰማው ምክር ውሃ አብዝቶ መጠጣትን ነው፤ ቅርፊቱን ፈርቶ ውሃ የሚቀንስ ሰው ራሱን ይጎዳል። ጠጠር ያለባችሁ ግን የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ፣ የጠጠሩ ዓይነት ይለያያል። ቆዳን በተመለከተ፣ ጠንካራ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ዝልግልግ ነገር ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ድርቀቱም ይሰማል። ችፌ (ኤግዚማ) ላለበት ልጅ ማለስለሻ ማሽን (ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ከውሃው የሚያወጣ) ይግዛ ሲባል ግን ቆም በሉ። በእንግሊዝ የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና 336 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ማሽኑ ከተለመደው ሕክምና በላይ የጨመረው ጥቅም አላገኘም።

እና ጣጣ የለውም ማለት ነው? ኖ። ያስፈራን ሌላ ሆኖ ተገኘ እንጂ።

ከስብሰባው በኋላ ኮሚቴው ገንዘብ አዋጥቶ ውሃውን ላቦራቶሪ ላከ። አስተማሪው የግድ ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ ናሙናው ከሦስት ቦታ ይወሰድ። ከጉድጓዱ አፍ፣ ከታንከሩ መውጫ፣ ከቤት ቧንቧ። ከቧንቧ ሲወሰድ አብሬ ነበርኩ። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ወንፊት ትፈታለች። አፉ በአልኮል ይጸዳል። ውሃው ጥቂት ደቂቃ ይፈስሳል። ከላቦራቶሪው የመጣው ጠርሙስ የሚከፈተው ሊሞላ ሲል ብቻ ነው፣ ክዳኑ መሬት አይቀመጥም፣ ውስጡ በጣት አይነካም። ክሎሪን ካለው ውሃ የሚወሰድ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ የተደረገ ዱቄት አለ፤ ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳታጥቡት። ከዚያ በረዶ ባለው ሳጥን ተደርጎ በዚያው ቀን ይደርሳል። እርሳስ (ሊድ) ለመመርመር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውሃው ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ካደረ በኋላ ጠዋት ምንም ሳይፈስስ የመጀመሪያው ይቀዳል፤ እርሳስ የሚመጣው ከቧንቧውና ከመጋጠሚያው ነውና።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ከሆነ ቢያንስ እነዚህን አስመርምሩ። ኢ. ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ)፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ናይትሬት፤ ከ50 ሚሊግራም በሊትር ማለፍ የለበትም፣ በተለይ ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን። ፍሎራይድ፤ መመሪያው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው፣ ሲበዛ ጥርስ ያበላሻል፣ ከዚያም አልፎ አጥንት ይጎዳል። አርሴኒክ (መርዛማ ማዕድን)፤ 0.01 ሚሊግራም በሊትር። እነዚህ ሁሉ ቀለም የላቸውም፣ ሽታ የላቸውም፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ምልክት አይተዉም። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ናይትሬትን፣ ፍሎራይድንና አርሴኒክን ግን አያወጣም። ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም የቀረው ይወፍራል።

ውጤቱ ሲመጣ የጉድጓዱ ውሃ ንጹሕ ነው። ማዕድኖቹ ሁሉ ከልክ በታች ናቸው። ከታንከሩ መውጫና ከቧንቧው ግን ኢ. ኮላይ ተገኘ። የታንከሩ ክዳን ተሰንጥቆ ነበር። የትርፍ ውሃ መውጫውም ወንፊት አልነበረውም። ላዩ ላይ ወፍ ሲያርፍ ስንቴ አይተናል። ሁላችንም ስለ ነጩ ቅርፊት ስንጨነቅ ነገሩ ያለው ከጭንቅላታችን በላይ ነበር።

መፍትሔው ማሽን አላስፈለገውም። ክዳኑ ተቀየረ፣ መውጫዎቹ ሁሉ የጥቃቅን ነፍሳት ወንፊት ገባላቸው። ታንከሩ ተፈትቶ ተፋቀ፣ ዝቃጩ ወጣ። ከዚያ ጀርሙ እንዲሞት በበረኪና ታከመ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽቶ የሌለው በረኪና 1 ሊትሩ ለ1000 ሊትር ውሃ ሲደረግ በሊትር 50 ሚሊግራም ይሆናል። እንዲህ አድሮ ይደፋል፤ አይጠጣም። ታንከር ውስጥ የሚገባ ሰው ብቻውን እንዳይገባ፣ አየርም እንዲኖር። ከዚያ በኋላ ለመጠጥ የሚለቀቀው ውሃ ትንሽ ክሎሪን ይዞ እንዲወጣ ተደረገ። ቤት ቧንቧ ላይ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር መቅረት አለበት፤ ይህም በቀላል የቀለም ኪት ይለካል። ዳግም ተመርምሮ ነጻ እስኪሆን ድረስ የሚጠጣውን አፈላን። ገንፈል ገንፈል ካለ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያላችሁ ግን 3 ደቂቃ አድርጉት።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ጥንካሬው በረጋ መንፈስ ማሰብ የቻልኩት። ለኔ ጥያቄው የጤና ሳይሆን የዕቃ ዕድሜና የመብራት ወጪ ሆነ። ቅርፊት ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ቦይለር ውስጥ ሲጋገር ማሞቂያው ክፍል ብዙ ይሠራል፣ ቶሎም ይቃጠላል።

ቦይለሩን ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አወረድኩት። ከዚያ በላይ ቅርፊቱ ይፈጥናል። ከዚያ በታች በጣም ማውረድም ጥሩ አይደለም፤ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። ባለሙያ ከሥሩ ከፍቶ ዝቃጩን እንዲያወጣና ከዝገት የሚከላከለውን የማግኒዚየም ዘንግ እንዲያይ አደርጋለሁ።

ማንቆርቆሪያውን በሲትሪክ አሲድ አጸዳለሁ። 1 ሊትር ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ሞቅ አድርጎ መተው። ሲንጨረጨር ትሰማላችሁ፤ ቅርፊቱ እየሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ ነው። አቼቶም ይሠራል፣ ሽታው ግን ቤቱን ያውደዋል። ለሻወሩ አቼቶ ያለበት ፌስታል በላስቲክ አስሮ ማሳደር ነው። እምነ በረድ ላይ ግን አሲድ አታፍስሱ፤ እሱም የተሠራው ከዚያው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ይበላዋል። አቼቶና በረኪና ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ማለስለሻ ማሽን ያስገባ ጎረቤት አለኝ፣ ደስ ብሎታልም። ማሽኑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የሬዚን እንክብሎች ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዘው በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ፤ ሲሞሉ በጨው ውሃ ይታጠባሉ። ቅርፊት የለ፣ ሳሙናው እንደ ጉድ አረፋ ያወጣል። ግን ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ጥንካሬ 0.46 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይገባል። በእኛ ሰፈር ልክ ሲሰላ በሊትር ወደ 140 ሚሊግራም ነው። የደም ግፊት ላለበትና ጨው ለተከለከለ፣ ለሕፃን ወተት መበጥበጫም፣ የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧ ከማሽኑ ውጭ ማድረግ ይሻላል። አበባና አትክልትም በዚያ ውሃ አይጠጣ። እኔ አላስገባሁም፤ ጨው እየተሸከምኩ መኖር አልፈለግኩም።

ሻጩ ያመጣው ዓይነት፣ ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ ፍሎራይድ ወይም ናይትሬት ወይም አርሴኒክ ከልክ ላለፈበት ቤት በእርግጥ ጥሩ ነው። ከገባው ውሃ ከፊሉን ግን ይደፋዋል፣ ካርትሬጁም በጊዜው ይቀየራል። የእኛ ምርመራ ንጹሕ ስለነበር ገንዘቤን አላወጣሁም። የገዛሁት ለወጥ ቤት ቧንቧ የምትሆን ትንሽ የከሰል ማጣሪያ ብቻ ነው፤ የክሎሪን ሽታ እንድታወጣልኝ። ከሰል ጥንካሬን አይቀንስም፤ "ያለሰልሳል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ተሰናበቱት። ቧንቧ ላይ የሚታሰረው ማግኔትም አለ። ተሞክሮበት ወጥ የሆነ ውጤት አልተገኘበትም፤ አለፍኩት።

አንዳንዴ ውሃው ነጭ ሆኖ ሲመጣ ስልክ የሚደውልልኝ አለ። ብርጭቆ ውስጥ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው። ቡናማ ከሆነ ብረት ወይም የቧንቧ ዝገት ነው፤ ነጭ ልብስ አትጠቡበት። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሙቁ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከቦይለሩ ነው፣ ቀዝቃዛውም ከሸተተ ከምንጩ። ድንገት የተለወጠ ነገር ካለ ግን ሳትጠጡ ለኮሚቴው ደውሉ።

አሁን ታንከሩ ክዳኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ነው። የጀርም ምርመራው ከዝናብ ወቅት በኋላና ታንከሩ በተከፈተ ቁጥር ይደረጋል፣ ውጤቱም በሩ ላይ ይለጠፋል። ማዕድኖቹ ቶሎ ስለማይለዋወጡ አልፎ አልፎ ይበቃቸዋል። እናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ወረቀት ተለጥፎ ካላያችሁ ኮሚቴውን ጠይቁ፤ ናሙናው ከየት እንደተወሰደም አብራችሁ ጠይቁ። ከጉድጓዱ ብቻ ከሆነ ቧንቧችሁን አልመረመሩም።